ወንድሜን ወደ ደጋ ስናወጣ

ወንድሜ ደምሴ ደኅና ሆኖ የዋለበት የመጨረሻው ቀን ቅዳሜ ነው። ወሩ ጥቅምት ነበር። የሸዋ ሮቢት ማሽላ ሊደርስ ተቃርቦ ወፍ ጠባቂዎች በየማማቸው ላይ ወንጭፍ ያጮሃሉ። ደምሴ ወንዝ ወርዶ ልብሱን ያጥባል፤ እኔ ድንጋይ ላይ አሰጣለሁ። በሚመጣው ሳምንት ከጨው ነጋዴው ከሼህ ይመር ግመሎች ጋር ወደ ባሕሩ ዳርቻ ሊመለስ ነው። የሚያጥበው ለዚያ ነው።

አንዱ ወፍ ጠባቂ ከማማው ላይ ጮኸበት።

"አንተ ሐኪም! እንዲህ ካሸኸው የምትለብሰው ክሩን ብቻ ነው!"

"አንተ ወፍህን ጠብቅ፤ እሸትህን ጨረሱልህ" አለው ደምሴ።

"ወፍስ በልቶ ይሄዳል። በልቶ የማይሄደውን ማን ይጠብቅልኝ?"

ይህን ሲል ጣልያኖች መንገድ ወደሚያሠሩበት ሰፈር በአገጩ አመለከተ። ሦስታችንም ድምፃችንን አፍነን ሳቅን። ከዚያ ወርዶ የማሽላ እሸት ጠብሶ ሰጠን። ደምሴ ጠግቦ በላ። ወደ ቤት ስንመለስ ፀሐዩ አናት ይበሳል። እሱ ግን "ጀርባዬን በረደኝ" አለኝ። እርጥቡን ልብስ ትከሻው ላይ ስለ ጣለ መሰለኝ።

የመጀመሪያው ምልክት ያ ነበር።

ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለ በሽተኛ ቤታቸው ለተኛባቸው ሰዎች ነው። መጻፍ ብዙም አልችልበትም። ሁለተኛ ደረጃ ገብቼ ፈረንሳይኛ ስማር ጠላት መጣና ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። የሆነውን በሆነበት ቅደም ተከተል እጽፋለሁ፤ ከዚያ ያለፈ አይሆንልኝም።

ደምሴ አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ሆስፒታል ድሬሰር ነበር። ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል። ጠላት ከተማውን ሲይዝ ሥራውን ትቶ በእግሩ ወደ አገራችን ተነሣ። አገራችን ከደብረ ሲና በላይ ነው። መንገድ ላይ ተስቦ ያዘው። ተስቦ የያዘውን ሰው ሁሉም ይሸሸዋል፤ በሸሸውም አይፈረድም። አንዲት የማያውቃት ሴት፣ እሷም ከቤቷ የተፈናቀለች፣ ባዶ ጎጆ ውስጥ አስተኝታ ውሃ ስታጠጣው፣ ራሱን በጨርቅ ስታቀዘቅዝለት ሰነበተች። ልቡ ሲመለስ ሴትዮዋ ሄዳለች። ስሟን እንኳ አልጠየቃትም።

ያቺ ሴት ከልቡ አልወጣችም። ደምሴ ቄስ አይደለም፣ ደብተራም አይደለም። ሆኖም ጠዋት ጠዋት ሳይጸልይ እህል አይቀምስም። ክርስቶስን እንደ ቅርብ ሰው ነበር የሚያነጋግረው፤ አንዳንዴም ይከራከረው ነበር። እንዲህ አለኝ፦ "እሷን የላከልኝ እርሱ ነው። ለእሷ እንዳልመልስ የት አገኛታለሁ? ስለዚህ ለእርሱ ነው የምመልሰው።" ከጥምቀት እስከ ጥምቀት አንድ ዓመት በሰው አገር፣ ዘመድ የሌላቸውን በሽተኞች ሊያገለግል ተሳለ። የመረጠውም በፈረንሳዮች ግዛት፣ በባሕሩ ዳር፣ የእኛ ስደተኞች የተጠለሉበትን ሰፈር ነው። "በሰው አገር የታመመ ሁለት ጊዜ ታሟል" ይል ነበር።

በረሃውን ያሻገሩት ሼህ ይመር ናቸው። የአሊዩ አምባ ሰው ናቸው፤ በግመል ጨው ያመጣሉ። በሰፈሩ ውስጥ ደምሴ ንዳድ፣ ዛሬ ወባ የሚባለው፣ ያዘው፤ ለቀቀው፤ መልሶ ያዘው። በዚያ ዘመን ኪኒን የምንለው የንዳዱን መድኃኒት ብቻ ነበር። ኪኒን ሲያንስ የራሱን ለሌላው እየሰጠ፣ እሱ ሲብስበት ብቻ ይውጥ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ። በመጨረሻ የሰፈሩ ሽማግሌዎች "አገርህ ገብተህ ትንሽ አርፈህ ተመለስ" ብለው ላኩት። ሸዋ ሮቢት፣ አጎታችን ወልዴ ቤት ደረሰና እዚያው አረፈ። አጎታችን የበቅሎ ነጋዴ የሚያሳድሩ ሰው ናቸው። እኔም ከደጋ ወርጄ አገኘሁት። ቁስል ያለበት ሁሉ እየሰማ ግቢው ይመጣ ነበርና ማጠብና ማሰር አስተማረኝ። ለስለቱ የቀረው ሦስት ወር ነበር።

ቅዳሜ ማታ ራት ላይ አጎታችን እንደ ልማዳቸው ጀመሩት።

"እግዜር ያለው ባሕሩ ዳር ብቻ ነው? ሸዋ ሮቢት በሽተኛ አጣ?"

"እዚህ የታመመ እናት አለው፣ ጎረቤት አለው። አንቱ አሉለት" አለ ደምሴ።

"እኔማ ለራሴም የለሁ! አንተስ? አንተ አጎት የለህም?"

ደምሴ ሳቀ። እየሳቀ ጥርሱ ይንገጫገጭ ጀመር። ሳቁ ቆመ። ጥርሱ አልቆመም።

ጋቢ ደረብንለት። አጎዛ ደረብንለት። አልሞቀውም። ከዚያ ትኩሳቱ መጣ። ኪኒን አውጥቶ ዋጠ። ንዳድ ስለለመደው አልደነገጥንም። ጠዋት በቅል ሸና። ቅሉን ላፈስ አነሣሁት። ሽንቱ ጥቁር ነበር። የጠላ አተላ ይመስላል።

ደምሴ ለመንገዱ ሆዱን ለማጽዳት ሐሙስ ዕለት ኮሶ ጠጥቶ ነበር። አጎታችን ቅሉን አዩና "ኮሶው ነው፤ አጠበው" አሉ። ጎረቤቶቹም እንዲሁ አሉ። ለእኔም እውነት መሰለኝ። ቀትር ላይ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። አረንጓዴ አስመለሰው። ወገቡን ይዞ ያቃስታል። ሰው ሁሉ ሲወጣ ጠራኝና "ኮሶ አይደለም። ሰፈሩ ውስጥ አይቼዋለሁ። ሐኪም ካለ ጥራ" አለኝ።

በአካባቢው የነበረው ሐኪም አንድ ብቻ ነው። የመንገድ ሠራተኞቹ ጣልያን ዶክተር። ሰዉ "ዶቶሬ" ይለዋል።

"ቤቴ ጣልያን አይገባም" አሉ አጎታችን።

"ጋሼ እየሞተ ነው" አልኳቸው። ደምሴን ጋሼ ነበር የምለው።

ከበሩ ላይ ዘወር አሉ። ይህን እንደ ፈቃድ ቆጥሬ ሄድኩ።

ዶክተሩ ፈረንሳይኛ ያውቅ ነበር። ያለ አስተርጓሚ ተግባባን። ደከም ያለ፣ ጢሙ ያደገ ሰው ነው። ቅሉን ወደ ብርሃን አውጥቶ አየው። የደምሴን የዓይን ሽፋን ገለበጠ። "ፌብሬ ኤሞግሎቢኑሪካ" አለ። በአማርኛ የጥቁር ሽንት ትኩሳት ማለት ነው። ደሙ ሰውነቱ ውስጥ እየፈረሰ በሽንት እየወጣ ነው፤ ንዳድ ደጋግሞ ይዞት ኪኒን አንድ ጊዜ እየዋጠ አንድ ጊዜ እየተወ የቆየ ሰው ላይ ይመጣል ብሎ አስረዳኝ። ቀጥሎ እንዲህ አለ፦

"ኪኒን ከእንግዲህ አትስጡት። ውሃ አጠጡት፣ ደጋግማችሁ። ከሁሉ በላይ ከተኛበት አታንሡት። ለመቀመጥ እንኳ አይነሣ።"

የት እንደቆየ ጠየቀኝ። የስደተኞቹን ሰፈር ላለማንሣት ነጋዴ ነው አልኩት። ወደ አንገቱ ማተብ አየ፣ ወደ እኔ አየ፣ ሌላ አልጠየቀም።

ያለኝን አንድም ሳልቀንስ ለአጎታችን ተረጎምኩ። "ፈረንጁ ያለህን ነው የምትነግረን፤ ፈረንጁ ያሰበውን ግን አታውቅም" አሉኝ።

ማክሰኞ ትኩሳቱ ቀለለ። ረቡዕ ጠዋት ቅሉን ሳነሣ ሽንቱ ጠርቶ እንደ ጠጅ ብርሃን ያሳልፋል፤ ያን ቅል ይዤ ግቢው መሐል ቆሜ አለቀስኩ፤ አጎታችንም ከእጄ ተቀብለው አዩና "አንቺ ማርያም" እያሉ በጉልበታቸው ተንበረከኩ። ደምሴ አጥሚት ጠጣ፤ ከቤቱ ውጭ የሚሰማውን የወንጭፍ ጩኸት እያዳመጠ ያ ወፍ ጠባቂ ይሆን እንዴ ብሎ ጠየቀኝ፤ ሼህ ይመር ሊጠይቁት ሲመጡም ሰኞ እንደሚነሡ ሲነግሩት ለሰኞ ባይደርስ በሚቀጥለው ጉዞ እንዲወስዱት ለመናቸው። ሼሁም "አብሽር፣ አላህ አፊያህን ይመልስልህ እንጂ ግመል አይጠፋም" አሉት። ያን ቀን ቤቱ ሁሉ የተፈወሰ መሰለ፣ የሽሮ ወጥ ሽታ ሳይቀር ያስጎመጅ ነበር።

ዶክተሩ ከሰዓት በኋላ ራሱ መጣ። ሽንቱን አይቶ አልተደሰተም። "ሽንቱ ጠራ ማለት ዳነ ማለት አይደለም። ደም አልቆበታል። ኩላሊቱም ተጎድቷል። ሁለት ሳምንት እዚሁ ይተኛ" አለ።

አጎታችን የሰሙት ሌላ ነው። "ሁለት ሳምንት በዚህ ቆላ? እዚሁ ሊገድለው ነው።" በዚያው ቀን ደግሞ ገበያ ላይ አንድ የጣልያን ወታደር ከባሕሩ ዳር ስለ መጣው ሰው ሲጠይቅ መዋሉን ነገሯቸው። ሰው እያደነ ከሚይዝ ጠላት የተላከ ሐኪም አታንሡት ሲል ማን ያምናል? በእኛ አገር ደግሞ ሁሉም የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ንዳድ የቆላ ነው፤ ንዳድ የያዘው ሰው ጉልበት ሲያገኝ ወደ ደጋ ይወጣል፤ ደጋ ሲደርስ ንዳዱ ይለቀዋል። አባቶቻችን እንዲህ ድነዋል። አጎታችን ክፉ ሰው አይደሉም። የሚያውቁትን አደረጉ።

"ተውኝ፤ እዚሁ ልተኛ። ሰውዬው እውነቱን ነው" አለ ደምሴ።

"በሽተኛ ምክር አይጠየቅም" አሉት አጎታችን።

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ቃሬዛው ተነሣ። ጣልያኖች ካሉበት መንገድ ርቀን በድሮው የበቅሎ መንገድ ወጣን። ፊተኛውን ጫፍ ሼህ ይመርና ወንድማቸው ያዙ።

"ሙሽራ አደረጋችሁኝ" አለ ደምሴ ከላይ።

"ሙሽራ ቢሆን ኖሮማ ይመዝን ነበር" አሉት ሼሁ። "አንተስ ላባ ነህ።"

የቃሬዛን ወግ ለማያውቅ ላስረዳ። በእኛ አገር ቃሬዛ ያየ ባላገር ሥራውን ጥሎ ይመጣል። አንዱ መንደር እስከ ወሰኑ ተሸክሞ ለሚቀጥለው መንደር ያቀብላል፤ እስላም ክርስቲያን አይልም። ቃሬዛ እቤቱ ሳይደርስ መሬት አይነካም፤ ከነካ ክፉ ምልክት ነው ይባላል። መጀመሪያ ያለፍንበት የቀወት አገር ሰዎች ማሽላቸውን ለወፍ ትተው መጡ። ለሚቀጥሉት አቀበሉ። እነዚያም ለሚቀጥሉት። እያንዳንዱ አዲስ ተሸካሚ ጉልበቱ አልደከመም። ሊያድነው ስለሚፈልግ ይሮጣል። በሮጠ ቁጥር ቃሬዛው ይናጣል።

ዳገቱ ሲጀምር ደምሴ መቀለዱን ተወ። ከንፈሩ ነጣ። ከጠዋት ጀምሮ ሽንት አልሸናም። ስቅታ ያዘው።

"አስቀምጡኝ" አለ።

"ትንሽ ቀረን ወንድሜ" አሉት። የማያውቁት ሰዎች ነበሩ። በደግነት ነው ያሉት።

"አስቀምጡኝ።"

"አብሽር፣ ያቺን ጉብታ ካለፍን ንፋስ አለ።"

እየሮጥኩ ለአጎታችን "ይረፍ፤ ያስቀምጡት" አልኳቸው። "መሬት? ወንድምህን መሬት?" አሉኝ። ሌላው መንደር እጁን ዘርግቶ እየጠበቀ ነበር። ቃሬዛው ሄደ።

እኔም በዚያ ዳገት ላይ ጸለይኩ። ስለ ጸሎቴ ብዙ አልልም። አልተሰማም።

ከጉብታው በላይ እውነትም ንፋስ ነበረ። ብርድ ነበረ። ደጋው ጀምሯል። እጁን ያዝኩት። "ሦስት ወር" አለኝ። የሚቀጥለውን ቃል ጠበቅኩ። አልመጣም። ተሸካሚዎቹ ሳያውቁ ብዙ ሄዱ። እኔ አውቄ ነበር። እጁን ሳልለቅ አብሬ ሄድኩ። ቃሬዛው እንደ ወጉ መሬት ሳይነካ ቤታችን ደረሰ።

በማግስቱ አርብ ዘመድ ከየቦታው ተጠራርቶ እስኪመጣ ተጠበቀና ቅዳሜ ተቀበረ። ከቀብር ስንመለስ የነፍስ አባታችንን ስለ ስለቱ ጠየቅኋቸው። "ሞት ስለትን ይፈታዋል ልጄ። በእሱ ላይ ዕዳ የለበትም፤ አንተንም አይመለከትህም" አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ነው። አጎታችን ይሰሙ ነበር። ራሳቸውን በነጠላ ሸፈኑ።

አሁን በሽተኛ ያላችሁ ስሙኝ። ንዳድ የያዘው ሰው ሽንቱ ቢጠቁር ኮሶ ነው፣ ምች ነው አትበሉ። በዚያው ሰዓት ሐኪም ጥሩ። ኪኒን ስትውጡ ሐኪሙ ባዘዘው ልክ ዋጡ፤ ሲያማችሁ ብቻ እየዋጣችሁ ሲቀላችሁ አትተዉ፤ ለወዳጃችሁም አታካፍሉ፤ ኪኒኑን ያካፈለበት ደግነት ወንድሜን ለዚህ በሽታ አሳልፎ ሰጠው። ሽንቱ ጥቁር የሆነ በሽተኛ አይነሣ፣ አይጫን፣ ደጋ አይውጣ። ያለበት ቆላ ቢሆንም፣ ሙቀት ቢሆንም፣ ጠላት አጠገቡ ቢሆንም እዚያው ይተኛ። ውሃ በማንኪያም ቢሆን ሳያቋርጥ ይጠጣ። ሽንቱ ሲጠራ አትቸኩሉ። እኛን ያታለለን ያ የጠራ ሽንት ነው። በሽተኛው አስቀምጡኝ ሲላችሁ አስቀምጡት።

ከዚያ ወዲህ በዚህ በሽታ የተያዘች አንዲት ሴት አይቻለሁ። ከተኛችበት አላነሣናትም። ተረፈች። ይህ ያጽናናው ይሆናል ብላችሁ አታስቡ። እሷን ባየሁ ቁጥር ደምሴም እንዲህ ሊተርፍ ይችል ነበር እላለሁ። ዶክተሩም ቢተኛ ይድናል አላለኝም ነበር። አታንሡት ነው ያለኝ። ስለዚህ አላውቅም። ይህን ሳላውቅ ነው የምኖረው።

ማመስገን ያለብኝን ላመስግን። ሼህ ይመርን አመሰግናለሁ። ስማቸውን የማላውቃቸውን የቀወት ሰዎች፣ እርሻቸውን ጥለው የተሸከሙትን፣ አመሰግናለሁ፤ ሳመሰግናቸው ልቤ ይቆረጣል፤ ቢሆንም አመሰግናለሁ። ያን ጣልያን ዶክተርም። አገሬን የወረረ ሠራዊት ሐኪም ነው። እውነቱን ነግሮን ነበር።

እሑድ ጠዋት ሰው ሳይነቃ ተነሣሁ። የደምሴን የቁስል ማሰሪያ ጨርቆች ጠቅልዬ በአቁማዳ አደረግሁ። አጎታችን በሩ ላይ ተቀምጠው ነበር። ያደሩት እዚያ ይመስለኛል።

"ወዴት?"

"ቆላ። የሼህ ይመር ግመሎች ነገ ይነሣሉ።"

"ሳልስቱ ሳይወጣ? ሰው ምን ይላል?"

"ይበል።"

"ስለቱ ያንተ አይደለም። አባ ነግረውሃል።"

"አዎ፣ ነግረውኛል።"

"ታዲያ የእሱ እምነት አለህ?"

አሰብኩበት። ልዋሻቸው አልፈለግሁም።

"የለኝም አጎቴ።"

"እንግዲያ ምን ልትሆን ነው የምትሄደው? ሁለተኛ ልጅ ልቀብር?"

"የሰፈሩ ሰዎች መሞቱን አያውቁም። እመለሳለሁ ብሏቸው ነው የመጣው። ቁስላቸውን የሚያጥብላቸው ሰው ይመጣል ብለው በር በሩን እያዩ ነው። ማጠብ ደግሞ አስተምሮኛል።"

 አጎታችን ተነሡና ወደ ውስጥ ገቡ። የለቅሶውን ንፍሮ በእፍኛቸው ይዘው ወጡ።

"ባዶ ሆድህን በረሃ አትግባ" አሉ።

ንፍሮውን ከእጃቸው ተቀብዬ ቆሜ በላሁ። ስጨርስ አቁማዳውን አንሥተው ትከሻዬ ላይ አደረጉልኝ። ወደ ቆላ ወረድኩ።